ጤናማ ተብላ የተለጠፈች ልጅ

«እትዬ ጠብታ» የሚለውን ስም ያወጡላት ልጆች ናቸው። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ የልጅ ጣት እየያዘች «አንዲት ጠብታ ብቻ! አንዲት!» ስትል ኖራለች። ሁለተኛዋን ስትጨምቅ ደግሞ «ይቺ እህቷ ናት፣ ብቻዋን ፈርታ ነው» ትላለች። ልጆቹ ውሸቷን ያውቃሉ። ያም ሆኖ ጣታቸውን ከሷ ሌላ ለማንም አይሰጡም።

የሆስፒታል ላብራቶሪ ሠራተኛ ናት። ማይክሮስኮፕ ላይ ከመጎንበስ ብዛት አንገቷ ወደ ፊት ቀርቷል። ሰው ሲያናግራት ሳታውቀው ግራ ዓይኗን ትጨፍናለች፤ የማያውቃት ሰው የጠቀሰችው ይመስለዋል። «አንድ ቀን በዚህ ዓይንሽ የሰው ባል ይዘሽልኝ ትመጫለሽ» ትላታለች አብራት የምትኖረው ልብስ ሰፊዋ ታናሽ እህቷ። ባል ይዛ አልመጣችም። ይዛ የምትመጣው የደከመ ወገብና የመድኃኒት ሽታ ነው።

ክፍሏ ከኮሪደሩ ጫፍ ላይ ነው። የመስኮቱ የታችኛው ግማሽ ነጭ ቀለም ተቀብቷል፣ የእጅ መታጠቢያው ቧንቧ ያንጠባጥባል፣ ጥጉ ላይ ደግሞ የደም መቁጠሪያው ማሽን ይቆማል። ማሽኑ ሳይመጣ በፊት እትዬ ጠብታ የእያንዳንዱን ልጅ ደም በመስታወት ላይ አሰጥታ፣ ቀለም ነክራ፣ በዓይኗ ታየው ነበር። ማሽኑ ከመጣ ወዲህ ማይክሮስኮፑ እህቷ ከአሮጌ ትራስ ልብስ የሰፋችለትን ሽፋን ለብሶ ተቀመጠ።

ማሽኑን አልወቅሰውም። አንዲት ጠብታ ደም ይሰጡታል፣ ሃያ ቁጥር የተጻፈበት ረጅም ወረቀት ይሰጣል። ጥፋቱ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። የላብራቶሪው ኃላፊ ዲግሪውን ይዞ የመጣ ወጣት ነው፤ «ሃያ ቁጥር ማን ያነባል? ፋይል ያሳብጣል» አለና ደንብ አወጣ። ከሃያው አንዱ ብቻ፣ ሄሞግሎቢን የሚባለው፣ መዳፍ በምታህል ብጣሽ ወረቀት ላይ ይገለበጣል። ግድግዳው ላይ በትልቁ «የልጆች፦ ከ11.5 በላይ ጤናማ» ተብሎ ተጽፏል። ቁጥሩ ከዚያ ከበለጠ «ጤናማ» የሚል ሰማያዊ ማህተም ይመታበታል፣ በቃ። የቀሩት አሥራ ዘጠኝ ቁጥሮች በፋሻ ታስረው ከመታጠቢያው ሥር ካርቶን ውስጥ ይገባሉ።

አሥራ አንድ ነጥብ አምስት። ለየትኛው ልጅ? ልቡ ደህና ለሆነ ልጅ። ልቡ ደህና ያልሆነውስ? ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው አልነበረም። እትዬ ጠብታም አልጠየቀችም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ ስለሷ መልካም መልካሙን ብቻ ጻፈ እንዳልባል ነው።

ፀጉር አስተካካዩ በየወሩ የመጀመሪያው ማክሰኞ ሱቁን ዘግቶ ልጁን ይዞ ይመጣል። ልጅቷ አምስት ዓመት ሊሞላት ጥቂት ወራት ቀርተዋታል። ከንፈሯና ጥፍሮቿ ሰማያዊ ቀለም ውስጥ ተነክረው የወጡ ይመስላሉ፤ ሰፈሩም በዚህ የተነሳ «ቀለሜ» ይላታል። ልቧ ውስጥ የጸዳውና ያልጸዳው ደም የሚቀላቀልበት ቀዳዳ አለ፤ ደሟ ወደ ሳንባ የሚሄድበት መንገድም ከተወለደች ጀምሮ ጠባብ ነው፤ ሐኪሞች እንዲህ ያለውን ልጅ «ሰማያዊ ልጅ» ይሉታል። ጥቂት ከተራመደች ቁጢጥ ትላለች፤ ጉልበቷን ደረቷ ላይ አጣብቃ፣ መሬት መሬት እያየች። መንገደኛ ሲያያት አንድ ነገር የጣለች ይመስለዋል።

«ምን ጠፋሽ የኔ ልጅ?» ይላታል።

«ትንፋሼ» ትላለች።

መድኃኒቷ ቀዶ ጥገና ነው። እሱ ደግሞ በሌላ ከተማ፣ በትልቁ ሆስፒታል፣ በወረፋ ነው። የወረፋው ደንብ እንዲህ ይላል፦ ልጁ በየወሩ ደሙን ይመርመር፤ ማህተም ያረፈበት ብጣሽ ወረቀት ፋይሉ ላይ ይለጠፍ፤ የአንድ ወር ወረቀት የጎደለው ልጅ ወደ ሰልፉ መጨረሻ ይመለሳል። አባትየው ከስልሳ ሁለተኛ ተነስቶ ዘጠነኛ ደርሷል። ፂም እየላጨ ለደንበኞቹ የሚያወራው ይህንኑ ነው። «ዘጠነኛ ነን» ይላል። «ነን» ነው የሚለው፣ እሱም አብሮ የሚቀደድ ይመስል።

ቀለሜና እትዬ ጠብታ የራሳቸው ጨዋታ አላቸው። ልጅቷ ለጣቶቿ ሥራ ሰጥታቸዋለች፦ አውራ ጣት ዘበኛ፣ ጠቋሚዋ አስተማሪ፣ የመሃሉ ሾፌር፣ ቀጣይዋ ነርስ፣ ትንሿ ሕፃን።

«ዛሬ ተረኛው ማነው?»

«ሾፌሩ። ትናንት ሥራ አልገባም።»

«ሾፌሩማ ባለፈው ወር ተወግቷል፤ ይከሰኛል። ሕፃኗንስ?»

«ሕፃኗን አይቻልም!» እጇን ትሰበስባለች። «ሕፃን አይወጋም። አታፍሪም እንዴ?»

በዚህ ዓይነት አንድ ዓመት ሙሉ ተዋጉ። በየወሩ አሥራ ሦስት ነጥብ ምናምን ተጻፈ፣ በየወሩ «ጤናማ» ተመታ። ልጅቷ ግን በየወሩ ትደክማለች። በመጀመሪያ ከሆስፒታሉ በር እስከ ላብራቶሪው መስኮት አንዴ ቁጢጥ ትል ነበር፤ ከዚያ ሁለቴ፤ ከዚያ አባቷ አዝሏት መምጣት ጀመረ። ለዚህ ሁሉም መልስ ነበረው፦ «የልብ ልጅ ናት፣ ምን ታድርግ።» ይህችን አነጋገር እጠላታለሁ። የልብ ታማሚ የሆነ ልጅ ሌላ ነገር ሊታመም አይችልም ያለው ማነው? አንድ ትልቅ በሽታ ያለበት ልጅ ትንሹን በሽታ የሚያይለት ሰው ያጣል። ይኸው ነው።

በአሥራ ሁለተኛው ማክሰኞ አባትየው እየሳቀ ገባ።

«እትዬ፣ ልጅሽ ቤቴን እየበላችው ነው።»

«የምን ቤት?»

«ግድግዳውን! ከአልጋዋ አጠገብ ኖራው አልቋል፤ በጥፍሯ እየፋቀች ትልሰዋለች። ሱቅ ስትመጣ ደግሞ የአንገት ፓውደሩን ከብሩሹ ላይ! አንዱ ደንበኛዬ ‹ቶሎ ዳራት፣ ቤቱ ሳይፈርስ› አለኝ።»

ቀለሜ አፍራ ፊቷን አባቷ አንገት ሥር ደበቀች። በመስኮቱ ወረፋ የያዙት እናቶች ሳቁ። እትዬ ጠብታም ልትስቅ አፏን ከፈተች፤ ግራ ዓይኗ በራሱ ጊዜ ተጨፈነ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ኧረ ቆይቷል፤ ሰባት ስምንት ወር።»

«ሰባት ወር ሙሉ አትነግረኝም?»

«ግድግዳ በላች ብዬ ደም መርማሪ ዘንድ ልክሰሳት?»

አፈር፣ ኖራ፣ ጠመኔ የሚያምረው ልጅ ብዙ ጊዜ ብረት ያነሰው ልጅ ነው። ይህን ከየትም አላመጣችውም፤ ድሮ፣ ማሽን ሳይኖር፣ ስንቱን እንዲህ ዓይነት ልጅ በመስታወት ላይ አይታለች። ግን ማሽኑ ያን ዕለትም አሥራ ሦስት ነጥብ አራት ነው ያለው። ደም ያነሰው ልጅ ሰባት ይሆናል፣ ስምንት ይሆናል እንጂ አሥራ ሦስት አይሆንም። «ቆይ ተቀመጡ» አለቻቸውና የማይክሮስኮፑን ሽፋን ገፈፈች።

ጠብታዋን በመስታወቱ ላይ አሰጠች፣ አደረቀች፣ ቀለም አፈሰሰች፣ አጠበች። ካየች በኋላ ቀና አላለችም። ወረፋው እያጉረመረመ ቢሆንም ቀና አላለችም። ቀዮቹ የደም ሴሎች ትንንሾች ነበሩ። መሃላቸው ነጭ፣ ዳራቸው ብቻ በስሱ የቀላ ቀለበት፤ አንዳንዱ እንደ እርሳስ የቀጠነ። ደግሞም ብዛታቸው! መስታወቱን ሞልተውታል።

ነገሩ ለማንም ሊገባ ይችላል፣ ላስረዳ። አየር ያጠረው የልጅ አካል ዝም ብሎ አይሞትም፤ ተጨማሪ ደም ይሠራል። ቀይ ሴል ማለት ጆንያ ነው እንበል፤ የሚሞላው ደግሞ በብረት ነው። ብረቱ ሲያልቅ አካሏ ጆንያ መስፋቱን አላቆመም፣ ግማሽ ግማሽ እየሞላ መላክ ቀጠለ። ሃያ ግማሽ ጆንያና አሥር ሙሉ ጆንያ ሚዛን ላይ እኩል ናቸው። የግድግዳው ቁጥር ሚዛን ነው፣ ጆንያ ከፍቶ አያይም። ሰማያዊ ልጅ ከሌላው ልጅ የበዛ ደም ሊኖራት ይገባል፤ ስለዚህ ለሌላው ልጅ የሚያኮራው አሥራ ሦስት ለሷ ረሃብ ነው። ከዚህ የከፋም አለ፦ እነዚያ ትንንሽና ደረቅ ሴሎች በጠባብ ደም ሥር ውስጥ እንደ ልብ አይተጣጠፉም። ቢጠራቀሙ፣ ጭንቅላቷ ውስጥ የደም ሥር ቢዘጉ፣ ልጅቷ ስትሮክ ይመታታል።

ካርቶኑን ከመታጠቢያው ሥር ጎትታ አወጣች። ፋሻውን ፈትታ የቀለሜን የአሥራ አንድ ወር ረጃጅም ወረቀቶች ለቀመች። የሴሉን መጠን የሚናገረው ቁጥር ከሰባ አምስት መውረድ አልነበረበትም። የቀለሜ፦ ስልሳ ስድስት። ስልሳ አምስት። ስልሳ ሦስት። ስልሳ። ሃምሳ ስምንት። ከእያንዳንዱ ቁጥር ጎን ማሽኑ ወደ ታች የምታመለክት ቀስት አስቀምጧል። አሥራ አንድ ቀስት! ማሽኑ ዓመቱን ሙሉ ሲጮህ ኖሯል። አፉን በፋሻ እያሰሩ ካርቶን ውስጥ የከተቱት ሰዎች ናቸው፣ ፋሻውንም ያሰረችው እሷ ናት።

ወረቀቶቹን ይዛ ኃላፊው ጋ ገባች።

«አሥራ ሦስት ነጥብ አራት» አለ ብጣሿን አይቶ። «ምን ችግር አለው?»

«ለሷ ዝቅተኛ ነው።»

«ለሷ የሚባል ቁጥር የለም እትዬ። ግድግዳው ላይ ያለው ለሁሉም ነው።»

«ግድግዳው ላይ ማን ጻፈው?»

«እኔ ነኛ።»

«ስትጽፈው ሰማያዊ ልጅ ትዝ ብላህ ነበር?»

ኃላፊው መነጽሩን አወለቀ። «እትዬ፣ እኔ እርስዎን በጣም ነው የማከብረው። ግን ላብራቶሪ ቁጥር ይሰጣል፣ አስተያየት የሐኪም ነው።»

«ሐኪሙ ቁጥሩን የት አግኝቶ ነው አስተያየት የሚሰጠው? ቆርጠህ ደብቀህበት!»

«አልደበቅሁም፤ አሳጠርኩ። አርባ ልጅ መስኮቱ ላይ ቆሟል፣ እርስዎ ካርቶን ይፈትሻሉ።» መነጽሩን መልሶ አደረገ። ጨርሷል ማለት ነው።

ቀለሜን በየወሩ የምታያት የልብ ሐኪም ብትኖር ነገሩ ሌላ ይሆን ነበር። ነገር ግን ያን ወር ለትምህርት ሄዳ ነበር፤ የሷን ልጆች የሚያየው ተተኪ ሐኪም በጠዋት ስልሳ ልጅ ይጠብቀዋል። እትዬ ጠብታ መስኮቷ ጋ ተመለሰች። ብጣሿን ገለበጠችና በጀርባዋ ላይ በደቃቁ ጻፈች፦ «ቀይ ሴሎቿ በጣም ትንንሽና የገረጡ ናቸው። ይህች ልጅ ብረት አንሷታል። የብረት ምርመራ ይደረግላት። ስትሮክ ያሰጋል።» ከፊት ለፊት ቁጥሩን ጻፈች እንጂ ማህተሙን አልመታችም።

«ለሐኪሙ ጀርባውን አሳየው» አለችው አባትየውን። «ሰማኸኝ? ጀርባውን።»

ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ተመልሶ መጣ። ሳቁ ጠፍቷል።

«እትዬ፣ ፋይል የምትይዘው የካርድ ክፍሏ ሴትዮ አልቀበልም አለችኝ። ማህተም የለውም አለች።»

«የለውማ! ጤናማ አይደለችም፣ ምን ብዬ ልምታ?»

ድምፁን ዝቅ አድርጎ ወደ መስኮቱ ጠጋ አለ። «ዘጠነኛ ነን። ካልተለጠፈ ይህ ወር ጎደለ ማለት ነው። ወደ ስልሳኛ ልትመልሺን ነው? እስከዚያ ትቆይልኛለች? አንቺ ራስሽ እይያት እስቲ።»

አየቻት። ቀለሜ ወንበሩ ላይ ቁጢጥ ብላ የግድግዳውን ቅብ በጥፍሯ ትሞክራለች።

«እኔ ምንም አላልኩም፤ ከጀርባው የጻፍሽውን ያዩት» አለ። «ከፊት ግን ማህተሟን ብቻ። ስወድሽ። በልጄ ይዤሻለሁ።»

መታችው። «ጤናማ»።

አውቃለሁ፣ አዝናለት ነው። ከጀርባው ጽፌያለሁ፣ የሚያነብ ያነበዋል ብላ ነው። ግን የተተኪው ሐኪም ክፍል ከሷ መስኮት ሠላሳ እርምጃ ነው። ሠላሳ! በኋላ ራሷ ቆጥራዋለች። አርባ ልጅ ወረፋ ይዞ ነበር፣ አለቃዋ ተቆጥቷት ነበር፣ ወገቧን አሟት ነበር። እነዚህ ሁሉ እውነት ናቸው፤ ሠላሳ እርምጃ ግን አይሆኑም።

የካርድ ክፍሏን ሴትዮም መርገም አልችልም። ከዓመታት በፊት ብጣሽ ወረቀት ጠፍቶ ልትባረር ስለነበር፣ ከዚያ ወዲህ ያገኘችውን ወረቀት ሁሉ አራቱንም ዳር መሃሉንም ኮላ ቀብታ ፋይሉ ላይ ትለጥፋለች። «ከኔ እጅ የጠፋ ወረቀት የለም» ትላለች፣ እውነቷን ነው። የቀለሜን ብጣሽ ተቀበለች፣ ማህተሙን አየች፣ ጀርባዋን ኮላ ቀባች፣ ጥሩ አድርጋ በክርኗ ተጫነቻት። ፋይሉ ተተኪው ሐኪም ጠረጴዛ ላይ ሲገለጥ አሥራ ሁለት ሰማያዊ «ጤናማ» በሰልፍ ተደርድሯል። «ጎበዝ፣ በሚቀጥለው ወር» ብሎ ሸኛቸው።

እትዬ ጠብታ ሳምንቱን ቀለል ብሏት ሰነበተች። ለእህቷም አወራቻት። «ብረቱን ጀምረውላት ይሆናል» አለች። «ደግሞ ኖራ መብላቷን ስትተው አባቷ በምን ሊስቅ ነው?»

በሃያ ሦስተኛው ቀን፣ ከረፋዱ ላይ፣ ፀጉር አስተካካዩ የሥራ ሽርጡን እንደለበሰ፣ ሽርጡ ላይ የሰው ፀጉር እንደተበተነ፣ ልጁን አቅፎ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሮጠ። ቀለሜ ሱቁ ውስጥ ብሩሽ ይዛ ስትጫወት ብሩሹ ከእጇ ወደቀ። አነሳችው፣ ወደቀ። «አባዬ፣ እጄ እምቢ አለኝ» አለች። ከዚያ አፏ ወደ አንድ በኩል ተጎተተና ንግግሯ ተቆላለፈ።

ከድንገተኛ ክፍል «አስቸኳይ» የሚል ደም ወደ መስኮቱ መጣ። ማሽኑ አሥራ ሦስት ነጥብ አንድ አለ። በግድግዳው መሠረት ልጅቷ ያን ዕለትም ጤናማ ነበረች።

የልብ ሐኪሟ ከትምህርቷ በተመለሰች በሦስተኛ ቀኗ ነበር። ፋይሉን በብብቷ ይዛ፣ ራሷ በእግሯ፣ ላብራቶሪ መጣች።

«እትዬ፣ እስቲ ያስረዱኝ። አሥራ ሁለት ጊዜ ጤናማ ተብላለች። ይቺ ልጅ ስትሮክ የመታት ከየት መጥቶ ነው?»

«ጀርባው ላይ ጽፌያለሁ» አለች እትዬ ጠብታ።

«የምን ጀርባ?»

ፋይሉን ተቀብላ ገለጠችው። አሥራ ሁለተኛዋን ብጣሽ በጥፍሯ ሞከረቻት። ንቅንቅ አላለችም። ያኔ ገባት። ሐኪሟ ልታናግራት ስትሞክር እጇን አንስታ አስቆመቻት፤ ጥጥ በውሃ ነክራ ብጣሿ ላይ አስቀመጠችና ሁለቱም ቆመው ጠበቁ። ቧንቧው ያንጠባጥባል። ብጣሿ ስትርስ ጫፏን ይዛ፣ ልክ ከቁስል ላይ ፋሻ እንደምታነሳ፣ በቀስታ ላጠቻት። ኮላው ግማሹን ፊደል በልቶታል። «ብረት አንሷታል» የሚለውና «ያሰጋል» የሚለው ይነበባሉ።

ሐኪሟ ካነበበች በኋላ ተቀመጠች። «ለዚህች ልጅ አሥራ ዘጠኝ ነበር የምጠብቀው» አለች። «አሥራ ሦስቱን እኔም በየወሩ አየው ነበር። እኔም ማህተሙን ነው የማየው የነበረው።» ይህን ማለቷን እወድላታለሁ፤ ከዚያ ቤት ውስጥ ሳትጠየቅ «እኔም» ያለች እሷ ብቻ ናት።

የቀለሜ አካል ያከማቸው ብረት ተመረመረ። ባዶ ሊባል ምንም አልቀረውም። በጠብታ የሚሰጥ የብረት መድኃኒት ተጀመረ፤ ደሟ በአንዴ በዝቶ እንዳይወፍር በየሁለት ሳምንቱ እየታየ። የአንድ ጠርሙስ መድኃኒት ጉዳይ ነበር። አንድ ጠርሙስ!

አባትየው እትዬ ጠብታን ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ አግኝቷት አጠገቧ ቆመ።

«ስትለጥፈው አይቻለሁ።»

«ማንን?»

«ካርድ ክፍሏን። ኮላ ጀርባው ላይ ስትቀባ እዚያው ቆሜ ነበር። ‹ጽሑፍ አለበት› ልላት ነበር፤ ዝም አልኩ። ደም ማነስ አለባት ቢሉ ከወረፋ ያወጡብኛል ብዬ። ሲለጠፍ ደስ ብሎኝ ነበር፣ እትዬ።»

ማህተሙን የመታችው እሷ ናት።

ከወረፋው ለማንኛውም ወጡ። ስትሮክ የመታው ልጅ ጭንቅላቱ እስኪያገግም አይቀደድም። ቦታዋ ለአሥረኛው ልጅ ተሰጠ።

ሐኪሟ ጮኻ ጮኻ፣ ሰማያዊ ልጆች ረጅሙን ወረቀት እንዳለ እንዲወስዱ አስደረገች፤ ካርድ ክፍሏም እሱን በአንድ ዳር ብቻ ትለጥፋለች። ኃላፊው በበኩሉ ግድግዳው ላይ አዲስ ማስታወቂያ ጨመረ፦ «በምርመራ ወረቀት ጀርባ መጻፍ በጥብቅ የተከለከለ ነው።» አሥራ አንድ ነጥብ አምስቱ ከጎኑ እንዳለ ነው። እትዬ ጠብታንም «ትረፍ» ብሎ ወደ ሰገራ ምርመራ ጠረጴዛ አዛወራት፤ ጣት የምትወጋው የልብ ልጆች የሚመጡ ዕለት ብቻ ሆነ፣ እሱም ሐኪሟ አጥብቃ ስለያዘች ነው። በምሳ ሰዓት ካርቶኖቹን ፈትሻ ሌሎች ሰማያዊ ልጆችን ፈለገች፤ ሰባት አገኘች። አምስቱን አስጠራች። የስድስተኛው ስልክ አይነሳም። የሰባተኛዋ እናት ግን አነሳች፤ እስከ መጨረሻው በጨዋነት አዳመጠችና «አመሰግናለሁ እህቴ፣ አሁን አያስፈልጋትም» ብላ ዘጋች።

በሁለት ወሩ ቀለሜ ለምርመራ መጣች። ኖራ መላሷን ትታለች፤ ንግግሯም ተመልሷል፣ ጥቂት ይንተባተባል እንጂ። አባቷ ወንበሩ ላይ አስቀምጧት ወደ ግድግዳው ዞረ።

እትዬ ጠብታ ጥጧን አዘጋጀች። «እሺ የኔ እመቤት» አለች፣ ድምፁ እንደ ድሮው እንዲወጣላት እየታገለች። «ዛሬ ተረኛው ማነው?»

ቀለሜ አሰበች። ከዚያ በግራ እጇ ቀኝ እጇን ከጭኗ ላይ አነሳችና፣ እንደ ዕቃ፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችላት። ጣቶቹ እንደተቀመጡ ቀሩ።

«የፈለግሽውን» አለች። «ሁሉም ተኝተዋል። አያማቸውም።»

«ሕፃኗንም?»

«ሕፃኗንም።»